በቀይ ቀበሮ ኩስ ውስጥ የተገኘው የመንደር ትል



ከ2000 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2002 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ድረስ፣ በባሌ ተራሮች ውርጭ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች የቀይ ቀበሮ ኩስ ይለቅሙ ነበር። 94 ናሙና ሰበሰቡ። ናሙናዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በ66ቱ ውስጥ፣ ማለትም ከመቶ 70 በሚሆኑት፣ ቢያንስ የአንድ ዓይነት የአንጀት ትል እንቁላል ተገኘ። አራቱ ናሙናዎች የኮሶ ትል ወገን የሆኑ እንቁላሎች ነበሩባቸው። ማይክሮስኮፑ ከዚህ በላይ መሄድ ስላልቻለ ነገሩ ወደ ዘረመል ምርመራ ተሻገረ። ከአራቱ አንዱ ስም ይዞ ተመለሰ፤ ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ።

ይህ ትል የዱር ትል አይደለም። አዋቂው የሚኖረው በውሻ አንጀት ነው፤ እጩ የሚያድገው ደግሞ በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ነው። አጥኚዎቹም ግኝቱን የተረዱት ትሉ ከቤት እንስሳት ዑደት አምልጦ ወደ ዱር እንስሳ እንደተሻገረ የሚጠቁም ምልክት አድርገው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ አንዱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። እንዲህ ላለ እንስሳ ከመንደር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መታወቅ አለበት።

ባሌ ሩቅ አይደለም። ከጀጁ ወረዳ ከተማ ከአርቦዬ ወደ ደቡብ ምዕራብ የጭላሎና የገለማ ሰንሰለት ይዘረጋል፤ ከዚያ ካካና ሁንኮሎ ይከተላሉ። የኦሮሚያ ክልል እነዚህን ከፍታዎች ከደራ ድልፈቀር ጋር አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከልሏቸዋል። ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ ከቀረባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ከፍታዎች አንዱ ይህ ነው። አብዛኛው ቀይ ቀበሮ ያለው በባሌ ነው፤ የአርሲው መንጋ አነስተኛ ነው፤ አነስተኛነቱ ደግሞ አደጋውን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። በባሌ የታየው በገለማ ላይ ይደገም ይሆን ብሎ መጠየቅ ታዲያ ተገቢ ነው።

የትሉን መንገድ ለማወቅ ተራራ መውጣት አያስፈልግም። በዓመት በዓል ዋዜማ ግቢ ውስጥ መቆም ይበቃል። በጉ ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ ሆዱ ይከፈታል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ነጣ ያለ ፊኛ ይገኛል። ባለቤቱ ይጸየፈዋል፤ ለሰው አይሆንም ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። ውሻው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ የዋለው ይህችን ጊዜ ነው። ከዚያ ፊኛ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የትል ራሶች በውሻው አንጀት ላይ ይተከላሉ፤ ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላም አድገው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ከጥሬ ሥጋ የሚገኘው የሰው ኮሶ ብዙ ሜትር ሲረዝም ይኼኛው ከሁለት እስከ ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ውሻው አይከሳም፣ አያስለው፣ አያንከላውሰው፤ ጤነኛ መስሎ በየሄደበት ይዘራዋል።

እንቁላሉ በሣር ላይ ይወድቃል። በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ ፊኛው እንደገና ይጀምራል። ሰውም ይገባበታል። ውሻ አቅፎ የሚጫወት ሕፃን፣ ያልታጠበ ጎመን የሚበላ ሰው፣ ውሻ ከሚጠጣበት ምንጭ የሚቀዳ ቤተሰብ ሁሉ እንቁላሉን ሊውጥ ይችላል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ፊኛው ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት ሆዳቸው ሲከብድ ወይም ለሌላ ሕመም ራጅና አልትራሳውንድ ሲነሱ ነው። ሕክምናው አልቤንዳዞል፣ በመርፌ መምጠጥ ወይም ቀዶ ጥገና ነው፤ ሦስቱም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ደጋው ለትሉ ይመቸዋል። እንቁላሉን የሚገድሉት ሙቀትና ድርቀት ናቸው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ግን እስከ አንድ ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የጭላሎ ጉምና ጤዛ ለገብስ እንደሚስማማው ሁሉ ለዚህም ይስማማዋል። በቆላው ፀሐይ ቶሎ የሚደርቅ ነገር በገለማ ጨፌ ዳር ለወራት ይጠብቃል።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ እንመለስ። የኮሶ ትል ወገኖች ብዙ ናቸው። አንዱ በጉን አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ የሚያሽከረክረው፣ አንጎሉ ውስጥ ፊኛ የሚሠራው ነው፤ የአርሲ እረኛ በሽታውን ሳያውቀው አይቀርም። ሌላው የበጉን የሆድ ዕቃ ይለብሳል፤ ሌላው በጥንቸል፣ ሌላው በአይጥ ያልፋል። ኢኪኖኮከስም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የእነዚህ ሁሉ እንቁላል ክብ ነው፣ ወፍራም ባለ ጭረት ቅርፊት አለው፣ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ሦስት ወይም አራት ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ባለሙያም ቢሆን አንዱን ከአንዱ አይለይም። የዓይን ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ የሚለይበት ምልክት በቅርጹ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ መውጣት ይፈቀድ። ኢትዮጵያዊ ስለ ኮሶ ለመስማት የውጭ ሊቅ አልጠበቀም። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በጠላ ወይም በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ኖሯል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ጎብኝቶ ሲመለስ ስለ ዛፉ የጻፈው ይህን አይቶ ነው። ያ ዛፍ በባሌና በአርሲ ደጋም ይበቅላል፤ በዲንሾ የደጋ አጋዘን የሚውለው በኮሶና በጽድ ጥላ ሥር ነው። ሆኖም ያ መድኃኒት የተፈለገው ከጥሬ የከብት ሥጋ ለሚመጣው፣ በሰው አንጀት ውስጥ ለሚኖረው ትልቁ ትል ነበር። የዛሬው ትንሽ ትል የሚኖረው በውሻ አንጀት ስለሆነ ሰው ኮሶ ጠጥቶ የሚያስወጣው ነገር የለም።

የዘረመል ምርመራው ሥራ የሚጀምረው ቅርጽ በሚያበቃበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ የትሉ ዲኤንኤ አለ፤ የተወሰኑ የዲኤንኤ ክፍሎችም ከትል ወደ ትል ይለያያሉ። ፒሲአር የሚባለው ዘዴ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ መርጦ ያበዛል። በኮሮና ጊዜ ስሙን ያልሰማ ሰው የለም፤ ዘዴው ግን ከኮሮና በብዙ ይቀድማል። አሜሪካዊው ካሪ መሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያፈለቀው ሲሆን በ1993 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ፤ ቀዝቀዝ ሲል አጫጭር ማስጀመሪያ ክሮች የሚፈለገውን ቦታ ፈልገው ይለጠፋሉ፤ በ72 ዲግሪ ደግሞ ኢንዛይሙ የጎደለውን ይሞላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ይህ 30 ጊዜ ሲደጋገም ከአንድ ቅጂ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይገኛል። ከዚያ የተባዛው ክፍል ፊደሉ ይነበብና ቀደም ሲል ከታወቁ ትሎች መዝገብ ጋር ይነጻጸራል።

ሲነገር ቀላል ነው ማለት ሲሠራ ቀላል ነው ማለት አይደለም። የኮሶ ወገን እንቁላል ቅርፊት ጠንካራ ነው፤ ዲኤንኤው እንዲወጣ ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ወይም ከጥቃቅን ዶቃዎች ጋር አጥብቆ ማናወጥ ያስፈልጋል። ኩሱ ውስጥ ያለው የሐሞት ጨውና ከአፈር የሚገባው ንጥረ ነገር ደግሞ ኢንዛይሙን ሽባ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ «የለም» ይላል፤ ነገር ግን ትሉ አለ። ጠንቃቃ ላብራቶሪ በየናሙናው ውስጥ የታወቀ መቆጣጠሪያ ዲኤንኤ ይጨምራል፤ እሱም ካልበዛ ውጤቱ «ነጻ ነው» ተብሎ ሳይሆን «አልተሠራም» ተብሎ ይመዘገባል። ናሙናው ከተራራ እስኪወርድ ድረስም በአልኮል ወይም እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በፌስታል ጠቅልሎ በመኪና ሙቀት ውስጥ ሦስት ቀን ማዋል ድካሙን ሁሉ ገደል ይከታል።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። በባሌዎቹ ናሙናዎች ውስጥ በሦስቱ ሃይሜኖሌፒስ የሚባል ትል እንቁላል ተገኝቷል። ይህ የአይጥ ትል ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በፍልፈልና በአይጥ አደን ስለሆነ እንቁላሉ ከታደነው አይጥ ሆድ ገብቶ በቀበሮው አንጀት በኩል ያለፈ መንገደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ አጥኚዎቹም እንዲህ ነው የገመቱት። ዘረመሉ የትሉን ስም በትክክል ሊናገር ይችላል፤ ትሉ በዚያ እንስሳ ውስጥ ይኑር ወይስ ይለፍ ግን ለብቻው አይናገርም። እዚህ ላይ የእንስሳውን አመጋገብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ ኩስ የማን ነው? በገለማ ሜዳ ላይ የወደቀ ኩስ የቀይ ቀበሮ፣ የከብት ጠባቂው ውሻ ወይም የተራው ቀበሮ ሊሆን ይችላል። ተራው ቀበሮ ራሱ ሳይንስን ያሳሳተ እንስሳ ነው። ለብዙ ዘመን ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲስ አበባ፣ የኦስሎና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ደጋ የተገኘ ዲኤንኤ ሲያነቡ እንስሳው ለተኩላ ወገን የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ዘመዱ ደግሞ 2500 ኪሎ ሜትር ርቆ በግብፅ ያለው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሰፋ ያለ የዘረመል ጥናት የአፍሪካውን ከእስያው ለይቶ የራሱ ዝርያ አደረገው። በዓይን ያልተለየውን እንስሳ በኩሱ መልክ ለመለየት መሞከር ድፍረት ነው። ስለዚህ በደንብ የተደራጀ ጥናት ከአንድ ናሙና ሁለት ስም ያወጣል፤ የባለቤቱንና የትሉን።

ውሻው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት በባሌ የወብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች ከመንደር ውሾች ጋር እንደተዳቀሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 እና በ2003 በዚያው አካባቢ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ዲስተምፐር የሚባለው የውሾች በሽታም ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ ውሾችን ሲከትብ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ሲተያይ የአንጀት ትል ቀስተኛ ጠላት ነው። ቀይ ቀበሮ በኢኪኖኮከስ ይሞታል የሚል ማስረጃ የለም፤ አዋቂው ትል ለውሻም ከባድ ጉዳት አያደርስም። አንዲት ናሙና ወረርሽኝ አታሳይም። ያሳየችው ነገር ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ ከበጉ ሳንባ እስከ ቀበሮው አንጀት መንገዱ ክፍት ነው። ትል የሄደበትን መንገድ ቫይረስም ይሄድበታል።

የዘረመል ምርመራ ስም የመስጠት ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ የአንበሳው ታሪክ ያስረዳል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአንበሳ አንጀት የተገኘ ኢኪኖኮከስ የራሱ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ ግን ከተለመደው ትል አይለይም ተብሎ ተሰረዘ። ዓመታት አለፉ። በዩጋንዳ አንበሶች ኩስ ውስጥ እንቁላል ሲገኝ ዲኤንኤው ከታወቁት ጋር አልገጠመም። ተመራማሪዎቹ ወደ 40 ዓመት ገደማ በመስታወት ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ የድሮ የአንበሳ ትል ናሙና አውጥተው ዲኤንኤውን አነበቡ፤ ሁለቱ አንድ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአንበሳው ትል ኢኪኖኮከስ ፌሊዲስ ተብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ድሮ አንድ ይባል የነበረው ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ወደ ብዙ ተከፍሏል፤ የበጉ፣ የፈረሱ፣ የከብቱና የግመሉ ወገን ለየብቻ ይታወቃሉ። ልዩነቱ ለወረቀት ብቻ አይደለም። በአንድ ተራራ ላይ የተገኘው የበግ ወገን ከሆነ የሚፈተሸው የበግ ዕርድ ነው፤ የግመል ወገን ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከቆላ ወደ ደጋ በሚመጣው መንጋ ላይ ያነጣጥራል።

በጭላዳ ዝንጀሮ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀይ ቀበሮ የአዋቂው ትል ማደሪያ ሊሆን ሲችል ጭላዳ ግን ሣር ለቃሚ ስለሆነች በጉ በቆመበት ቦታ ትቆማለች፤ ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ተኩላ ከጣለው እንቁላል ጋር ሣሩን ትበላለች። በስሜንና በመንዝ ጓሳ አንዳንድ ጭላዶች አካላቸው ላይ ትልልቅ፣ ውሃ የሞሉ እብጠቶች ይታዩባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ምርመራ የእብጠቱን ባለቤት ቴኒያ ሴሪያሊስ ብሎ ለየው፤ ይህም ከኮሶ ወገን ነው። በጓሳ የተደረገ ሌላ ጥናት እብጠት ያለባቸው ጭላዶች ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚሞቱ፣ የታመሙ እናቶች ልጆችም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እንደሚያንስ አሳይቷል። እብጠቱ ከውጭ የማይታይባቸውን ለማወቅ ደግሞ ሽንታቸውን መሬት ላይ ሰብስበው የትሉን ምልክት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ጭላዳዋን ማንም አልያዛትም፣ ማንም መርፌ አልወጋትም።

አርሲም የራሱ ጭላዳ አለው። ጃፓናዊው አኪዮ ሞሪና ኢትዮጵያዊው ጉርጃ በላይ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ያገኙትን የደቡብ ጭላዳ ለሳይንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከሰሜኑ ጭላዳ በስምጥ ሸለቆ ተለይቶ፣ በእርሻና በከብት መካከል በገደል ዳር ተጣብቦ የሚኖር ወገን ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ውሻ አይጠፋም።

የደጋ አጋዘን ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። በዐሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው ይህ እንስሳ ለሳይንስ የታወቀው ከዚሁ ከአርሲ ነው። እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ገድሎ ወሰደው፤ ሪቻርድ ላይደከር ደግሞ በ1910 ስም አወጣለት። ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ፣ ቁጥሩ በጥቂት ሺዎች የሚገመትና ለመጥፋት የተጋለጠ እንስሳ ነው። ከበግና ከከብት ጋር አንድ ግጦሽ ይጋራል። የበግ ደም መጣጩ የሆድ ትልና ሌሎች ክብ ትሎች እንቁላላቸውን በበጠጥ ውስጥ ሲጥሉ በማይክሮስኮፕ አንድ ይመስላሉ። ሐኪሙ ለበጉ በደፈናው የትል መድኃኒት ስለሚሰጠው ብዙ አይቸገርም። ለአጋዘኑ ግን መድኃኒት የሚሰጠው የለም፤ ስለዚህ ትሉ የራሱ የቆየ ጎረቤት ይሁን ወይስ ከበግ የተሻገረ ማወቅ ያስፈልጋል። አይቲኤስ-2 የሚባለውን የዘረመል ክፍል አብዝቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያነብ ዘዴ አለ፤ ከአንድ ጭብጥ በጠጥ ውስጥ የትኛው ትል በስንት እጅ እንዳለ ይዘረዝራል። በቤት እንስሳት ላይ በስፋት ተሠርቶበታል። በጭላሎ ግርጌ ከበግና በአጠገቡ ከሚበላ አጋዘን በጠጥ ተወስዶ ሁለቱ ቢነጻጸሩ አስደሳች የዶክትሬት ሥራ ይወጣዋል።

ይህን የመሰለ ንጽጽር በሌላ ቦታ ፍሬ አፍርቷል። በዩጋንዳ ብዊንዲ ደን በተራራ ጎሪላዎች፣ በዙሪያው በሚኖሩ ሰዎችና በከብቶቻቸው ውስጥ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተገኝቶ ዘረመሉ ሲታይ አንድ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። ማን ለማን አስተላለፈ የሚለው እያከራከረ ቢቆይም ሦስቱ በአንድ የውሃና የመሬት መረብ ውስጥ እንዳሉ ማስተባበል አልተቻለም።

ይህ ሁሉ ለአርሲ የማይደረስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አሰላን በደንብ አላያትም። አሰላ ከተማ የክልል የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ አላት። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የጤና ትምህርት ክፍሎቹን እዚያው ያስተምራል። ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሚሠራው የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምም አሰላ ላይ ነው፤ የዘረመል ምርመራ ለዚህ ቤት እንግዳ አይደለም። ወደ መሐል አገር ሲወጣ የሰበታው የእንስሳት ጤና ተቋምና የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አሉ።  ስለዚህ የጎደለው ማሽን አይመስልም። የጎደለው የሰው ሐኪም፣ የከብት ሐኪምና የፓርክ ጠባቂ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ልማድ ነው፤ የዚህ አገር መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከኬሚካል እጥረት ይልቅ በዚህ ይታማሉ።

ናሙናን ወደ ውጭ አገር መላክም እንደ ድሮው በሻንጣ የሚደረግ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድና ያለ ስምምነት ማውጣትን ይከለክላል። የቀበሮ ኩስም ቢሆን በውስጡ የቀበሮ ዘረመል አለ። ሕጉ አንዳንድ ተመራማሪዎችን ያማርራል፤ ይሁንና ሥራው እዚሁ እንዲሠራ የሚገፋ በመሆኑ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ከዘረመል በፊት የተሸነፈ ኢኪኖኮከስም አለ። አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ትል በእጅጉ የተጎዳች፣ በግና ውሻ የበዛባት ቀዝቃዛ አገር ነበረች። ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራቤ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደዚያ ተጉዞ ውሾችን እየከፈተ መረመረ፤ ከመቶ 28ቱ ትሉ ነበረባቸው። በቀጣዩ ዓመት በሕዝቡ ቋንቋ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታትማ በነጻ በየቤቱ ታደለች። የምትለው ግልጽ ነበር፤ ፊኛ ያለበትን ሥጋ ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የውሻ ቁጥርን የሚገድብ ሕግ ተከተለ፤ በግ በቤት መታረዱ እየቀረ ወደ ቄራ ሄደ። የሰው በሽታው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ቁልቁል ወረደ፤ ትሉም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከደሴቲቱ ጠፋ።

ልዩነቱ አይስላንድ ቀይ ቀበሮ ያልነበራት መሆኑ ነው። እዚያ ውሻው ከጸዳ ሥራው አለቀ። በአርሲ ግን ትሉ አንዴ በዱር እንስሳ ውስጥ ተመቻችቶ ከተቀመጠ በመንደር የጸዳው በተራራው ይጠብቃል። ዘረመላዊው ምርመራ ያኔ ነው አስፈላጊነቱ የሚጎላው፤ የቀበሮው ትል ከበጉ ትል ጋር በፊደል አንድ ከሆነ ምንጩ መንደር ነው፣ መንደር ከጸዳም ተራራው ተስፋ አለው። የተለየ ሆኖ በዱር ውስጥ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ግን የዕርድ ቤት ሥራ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በገለማ ላይ ጥናት ቢጀመር ናሙናው ከሦስት ቦታ መምጣት ይኖርበታል፤ ከቀይ ቀበሮው ክልል፣ በግጦሽ ወቅት ወደ ከፍታው ከሚወጡ እረኞች ውሾች፣ እንዲሁም በአሰላ፣ በበቆጂና በአርቦዬ ከሚታረዱ በጎች ሳንባና ጉበት። አንዱ ብቻ ተወስዶ ሁለቱ ከቀሩ ንጽጽሩ ይጎድላል። እስከዚያው ግን ላብራቶሪ የማይጠብቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ከውሻ አንጀት ያወጣል፤ ትሉ እንደገና እንቁላል ለመጣል ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚወስድበት መድኃኒቱ በዚያው ርቀት ካልተደገመ ውሻው ይመለስበታል። ለቀይ ቀበሮ ይህን ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛው በበዓል ቀን ፊኛ ያለበት ሳንባ የሚቀበርበት ጉድጓድ ነው፤ ውሻ በጥፍሩ ጭሮ እንዳያወጣው ጠለቅ ብሎ ተቆፍሮ ከላዩ ድንጋይ ይጫንበታል።